የማዳመጥ ጥበብ አስተማሪው

ስሙን የማላውቀው ጎረቤቴ በኢንተርኔት «ሰውን የማዳመጥ ጥበብ» የሚል ኮርስ ያስተምራል። ኮርሱ እስከ ቅርብ ጊዜ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ አሁን ቪዲዮ እየጨመረበት ነው። መስኮቶቻችን ፊት ለፊት፣ ሹክሹክታ እንኳ እስኪሰማ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ አሠራሩን ከሀ እስከ ፐ አጥንቻለሁ፤ ደግሞም መጠናት ያለበት ነገር ነው!

መጀመሪያ ከወገቡ በላይ ይለብሳል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ኮት። ከወገቡ በታች ጉልበቱ የተለጠጠ ፒጃማ ነው፤ ካሜራው እዚያ አይደርስማ። ቀጥሎ ድምፅ ያጠፋል። ፍሪጁን ይነቅላል፤ የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ትራስ ሥር ይቀብራል። ሊነቀል ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ የተኛችው ደረቷን የሚያማት እናቱ።

«እማዬ፣ ሳልሽን ያዝ አድርጊልኝ እንግዲህ። ትናንት ስንቱን አበላሸሽብኝ!»

«እሺ ልጄ፣ እይዘዋለሁ።»

ስልኩን ገልጧቸው በማያውቅ መጻሕፍት ላይ ያቆማል። ሹመት እንደተሰጠው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ለእሱ ይፈቀዳል። «ውድ ተማሪዎቼ፣ የምትወዱት ሰው ዝም ሲል እንኳ ስሙት» ይላል። አንድ ቃል ከሳተ ከመጀመሪያው ይደግማል፤ ፀጉሩ ካላማረው ይደግማል። ዛሬም ሲደጋግም መጋረጃው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል።

በመጨረሻ ስልኩ ውስጥ ለሚያየው ለራሱ ፈገግ ብሎ፣ «ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ አሁን ልሳል?»

«ቆይ እማዬ፤ ፈገግታዬ ደስ አላለኝም፣ ልድገመው።»