መጣሁ ብሎ የሚሄደው ሃርድ ዲስክ

ዳንግላ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ቤት በከፈትኩ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ረፋድ ላይ ጋሪ መጥቶ ደጃፌ ቆመ። ላዩ ላይ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው በነጠላ የተጠቀለለ ዕቃ በሁለት እጃቸው አቅፈዋል፤ ባለቤታቸው ደግሞ የሽማግሌውን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። እሳቸው የሚሰጉት ለዕቃው ነው፣ ባለቤታቸው ለእሳቸው።

ነጠላው ሲፈታ ከውስጡ ሃርድ ዲስክ ወጣ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። የአካባቢውን ዕፀዋት ስም በአዊኛና በአማርኛ ሲሰበስቡ ነው የኖሩት። ሁሉንም ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት፤ ደብተሮቹን አይጥ በላቸው። ባለፈው ክረምት ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። የቀረው ዲስኩ ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ ቦታ ሲያሳዩት “ሞቷል” ተባሉ።

“አልሞተም” አሉኝ መምህሩ። “እዚያ ሲሰኩት ጆሮዬን አስጠግቼ ሲዞር ሰምቼዋለሁ።”

“ጆሮው እንኳን የዲስክ፣ የእኔንም አይሰማ” አሉ ባለቤታቸው።

ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ፈርቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ፕሮግራም መጫንና የተዘጋ ስልክ መክፈት ነበር። የሰው የዕድሜ ልክ ሥራ እጄ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ዲስኩን በኬብል ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ ዕቃ ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ደስ ከማለቴ ሲነቀል የሚያሰማውን አስከተለ። እንደገና ተሰካ፣ እንደገና ተነቀለ። ማንም ግን አልነካውም።

“ምን እያለ ነው?” አሉ መምህሩ።

“ዲስኩ መጣሁ ይላል፤ ወዲያው ይሄዳል።”

“ኮምፒውተሩስ መምጣቱን በምን ያውቃል?”

የአስተማሪ ጥያቄ ስለሆነ ሸፋፍኜ ማለፍ አልቻልኩም። “አንድ ነገር ሲሰካ ሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ በዚያ ያውቃል” አልኳቸው። “ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ዕቃውን ይጠይቀዋል። ምን ዓይነት ነህ? ሥሪትህ የማን ነው? ዕቃው ሲመልስለት ቁጥር ይሰጠዋል። ቀጥሎ የዚያን ዕቃ ቋንቋ የሚችል ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይመድብለታል። ለኪቦርድ የኪቦርዱን፣ ለፕሪንተር የፕሪንተሩን። ዕቃው ሲነቀል ደግሞ ከመዝገቡ ያወጣዋል።”

“አስተርጓሚ ነዋ!” አሉ ባለቤታቸው። “እኔ ለእሱ እንደሆንኩት።”

መምህሩ አልካዱም። “እዚህ ስመደብ አዊኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ገበሬው ለእሷ ይነግራታል፣ እሷ ለእኔ፣ እኔ እጽፋለሁ።”

ኮምፒውተሩ የያዘውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። ዲስኩ በተሰካ ቁጥር ስሙንና ሥሪቱን በትክክል ተናግሯል። የሞተ ዲስክ እንዲህ አይመልስም። እጄን ላዩ ላይ ሳሳርፍ መዞር ይጀምራል፤ ፍጥነት ሳይዝ ይቆማል። ያነሰው ኃይል ነው! ለኬብሌ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው አዳፕተር ደካማ ነበር።

ሮጥ ብዬ ከጎን ሱቅ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚሸጡት ሐጂ ገባሁ። ሐጂ ከአንድ ካርቶን ውስጥ አዳፕተሮችን እያወጡ፣ በላያቸው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽር እያነበቡ፣ የሚሆነውን መረጡልኝ። ሱቃቸውንም ገርበብ አድርገው ተከትለውኝ መጡ።

ሰካሁት። ድምፁ አንዴ ተሰማ፤ ሁለተኛው ቀረ። ዲስኩ በደንብ ይዞራል። ሦስቱ አዛውንቶች ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም።

“የታለ ታዲያ?” አሉ ሐጂ።

የዲስኮቹን ዝርዝር ስከፍት ግን አለ፤ መጠኑም ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ለይቶ አውቆታል፤ እንደ D እና E ያለ የሚከፈትበትን ፊደል ብቻ ሳይሰጠው ቀርቷል። አንድ ፊደል መርጬ ሰጠሁት፤ ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

መምህሩ ወንበር ፈለጉ። ባለቤታቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና፣ “በል አንብብ፣ መኖሩን እንይ” አሏቸው።

ማንበብ ጀመሩ፤ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ቀጋ፣ እያንዳንዱ ከአዊኛ ስሙ ጋር። ከጎረቤት ከተማችን ከአዲስ ቅዳም ማዶ የተሰበሰቡት ላይ ሲደርሱ ባለቤታቸው አስቆሟቸው።

“እሱን ድገመው እስቲ።”

ደገሙት። እኔም አዊኛ ስለምችል አፌን በእጄ ያዝኩ።

“ይሄ የተክል ስም ነው?” አሉ ባለቤታቸው እየሳቁ። “‘ረግጠኸዋል፣ ፈቀቅ በል’ ነው እኮ ያለህ ገበሬው! የመጀመሪያ ልጃችንን ወልጄ ስተኛ ብቻህን የሄድክ ዕለት ነው።”

ሐጂ ጠረጴዛዬን ይዘው ሳቁ። መምህሩ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ስንቱን ክፍል ይህንን አስጠንቻለሁ!”

ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ያንን ቃል ግን አጥፍተን ቦታውን ባዶ ተውነው፤ የአማርኛ ስሙ ስላልተጻፈ የትኛው ተክል እንደሆነ ማንም አላወቀማ።

በሳምንቱ መምህሩ፣ “ተክሉን እንፈልገው” ብለው ደወሉልኝና ከባለቤታቸው ጋር ሦስታችን በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄድን። ተክሉ የተገኘበት ኮረብታ አሁን ለከሰል በሚተከል ግራር ተሸፍኗል። መምህሩ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ፣ የቅጠሉን ሽታ ከእሳቸው የሰሙት ባለቤታቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ዳር ላይ ጎንበስ አሉና ቅጠል በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

“ይሄ ነው?”

“ይሄው ራሱ ነው!” አሉ መምህሩ።

ባለቤታቸው ስሙን ተናገሩ፤ ልጅ ሆነው እናታቸው ለሆድ ቁርጠት ጭማቂውን ያጠጧቸው ነበር። መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየጻፉ፣ “ቀስ በይ፣ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ” አሏቸው። እሳቸውም ደገሙላቸው።