የልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ

ያለምዘውድ ቅዳሜን የምትፈልገው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ኦክላንድ ከተማ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለ ላውንደሪ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱሪ ስታሳጥርና ዚፕ ስትቀይር ኖራለች፤ አንገቷና ወገቧ የሚታረቁት ቅዳሜ ጠዋት አልጋ ላይ ነው። ልጇ ሲና ግን «እማዬ፣ ሰርፕራይዝ!» ብላ ቀሰቀሰቻትና ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ይዛት ነዳች። ኤግዚቢሽን ነው፤ ጃፓኖች ኪሞኖ ከሚባለው አሮጌ የባህል ልብሳቸው ቁርጥራጭ እየቀጣጠሉ የሠሯቸው ብርድ ልብሶች ተሰቅለው ይታያሉ። የሌላ ሰው ስፌት ሲያዩ መዋል እንደ ዕረፍት መቆጠሩ ያለምዘውድን ገርሟታል፤ ግን ለልጅ ምን ይባላል?

ያስፈራት ሌላ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ዓይኗ ከድቷታል። ጥቁር ክር ጥቁር ጨርቅ ላይ አይታያትም፤ በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትሰፋው። መርፌው ላይ ክር የምታስገባላት እንኳ አብራት የምትሠራው ነጃት ናት። ሲና የነርሲንግ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ይህን ጉድ ከሰማች ጥላው ሥራ ትገባለች። ልጅቷ ግትር ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አይጠየቅም።

አዳራሹን ሲዞሩ ያለምዘውድ እግሯ ዝሎ ዓይኗ ወንበር ይፈልግ ነበር። ሁሉም ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖባት «ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው» እያለች አለፈች። አንድ ጠቆር ያለ ትልቅ ብርድ ልብስ ጋ ሲደርሱ ግን የለመደ እጇ ቀደማት። ልብስ ሰፊ የሰው ሥራ የሚመዝነው ገልብጦ ነውና ጥጉን ያዘች።

ነጭ ጓንት ያጠለቁ አሮጊት ፈጠን ብለው መጥተው እንዳትነካ በእንግሊዝኛ ለመኗት።

«ሶሪ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጀርባውን ካላየች አታምንም» አለቻቸው ሲና በኩራት።

ሴትዮዋ ሳቁና ጥጉን ራሳቸው ገልበጥ አድርገው አሳዩአት። ያለምዘውድ ጎንበስ አለች። ለዓይኗ ጨለማ ነው። ልጇ አጠገቧ ቆማ ትጠብቃለች፤ የሆነ ነገር መባል አለበት።

«እንዴት ያለ እጅ ነው! ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ።»

ሲና ብርድ ልብሱ አጠገብ የተለጠፈውን ካርድ አነበበች። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ምንም ስፌት የለም። ሰፊዋ ሳትጨርሰው ነው የሞተችው። ካርዱ ላይ ተጽፏል።»

ሲና የእናቷን እጅ ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማይታይሽ?»

«ከጥምቀት።»

«ማን ያውቃል?»

«ነጃት።»

«ነጃት ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። ዋው።»

«ትምህርትሽን ትተዪዋለሽ ብዬ ነዋ!»

«የስ፣ እተወዋለሁ» አለች ሲና እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሰኞ ከትምህርቱ ዊዝድሮው አደርጋለሁ። አንቺ ከዚህ በኋላ አትሰፊም።»

ያለምዘውድ «እኔ በቁሜ እያለሁ!» ብላ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? ይልቅ ሰውነቷ ቅልል ሲላት ተሰማት፤ በዚህም በጣም አፈረች።

«ደክሞኛል፣ ሲናዬ» አለች። ትምህርትሽን እንዳትተዪ አላለቻትም።