ሰይድ ያነሳው ፎቶ

ባለፈው ሐሙስ የደበዘዘ ፎቶ ለማሳደስ ደሴ ወደሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ወጣት ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ ካስገባ በኋላ እያጎላና እያሳነሰ ሲመረምረው ቆየ። ከባሚያ ማሳ ዳር የቆመ ቀጭን ጎረምሳ ነው። ራሱንና ፊቱን ሽማግ በሚሉት ቀይ የዐረብ መጠምጠሚያ ጠቅልሎታል፤ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። በቀኝ እጁ ሽጉጥ ይዞ ደረቱ ላይ አስጠግቷል። ወጣቱ አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ።

አይደለሁም አልኩት። የጓደኛዬ ፎቶ ነው፣ እናቱ እንዳሳድስላቸው አደራ ብለውኝ ነው አልኩት። የአደራው ነገር እንኳን እውነት ነበር። ቀጥሎ ከጎረምሳው እግር ሥር የተጋደመውን የሰው ጥላ በጣቱ አሳየኝና ፎቶውን ስላበላሸው ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቤት ቶሎ መውጣት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እንደመሰለህ አድርገው ብዬው ወጣሁና አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት።

ፎቶው የተነሳው ጂዛን ነው፣ አሐድ አል-መሳርሐ በምትባል የአትክልት አገር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሰይድ ጋር ከወሎ አብረን ተነስተን፣ ባሕሩን አብረን ተሻግረን፣ በየመን በኩል ድንበሩን አብረን አልፈን የገባን የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት የለንም። የእርሻው ባለቤት አቡ ሐዲ ይባላል፤ እኛ ባባ እንለዋለን። ባሚያ እንለቅማለን፣ ቲማቲም እንኮተኩታለን፣ የውሃውን ሞተር እናስነሳለን። ሙቀቱ ላብ የሚያወርድ ብቻ ሳይሆን ሰውን ስሙን የሚያስረሳ ነበር። የባሚያው ፀጉር ክንድ ላይ ሲቀር የሚያሳክከው ማሳከክ ዛሬም ገበያ ላይ ባሚያ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዓርብ ዓርብ ከአሱር ሶላት በኋላ የባባ ወዳጆች እርሻው ውስጥ ካለው ትልቅ ሲድር ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። በድንጋይ ድስት የተሠራው ሥጋ፣ መግሽ የሚሉት፣ እየተንተከተከ ይመጣል፤ ሙዝና ማር ከቂጣ ጋር የታሸበት መርሳም ይቀርባል። የሚሰበሰቡት ግን ለምግቡ አልነበረም። ሽጉጥ ለማስተያየት ነው። ሌላው አገር ሰው ፍየል ወይም ግመል እንደሚያስተያየው እነሱ ሽጉጥ ያስተያያሉ። ምንጣፉ ላይ ፎጣ ዘርግተው፣ አንዱ አዲስ ያገኘውን የጥይት ካዝና፣ ሌላው አዲስ ያሰፋውን የቆዳ ማህደር፣ ሌላው ቀይ ነጥብ የምታበራ ማነጣጠሪያ ይደረድራሉ። ከዚያ ክርክር ነው።

ከአል-ዒዳቢ የሚመጣ አንድ አስተማሪ ነበር፤ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ ሽጉጥ አለችው። መሣሪያ ማለት የማይታይ ነው፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱ እንኳን የሚረሳው ነው ይላል። ከሀሩብ ተራራ የሚወርደው ሽማግሌ ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ ራሱ ላይ አበባና ሬሐን የሚሉትን መዓዛማ ቅጠል አስሮ፣ ታጣፊ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ የማይታይ መሣሪያ ማን ያከብረዋል ብሎ ይመልስለታል። ባባ የሁለቱም መሃል ነው። የሱ ሽጉጥ አሮጌ፣ አሥራ ሦስት ጥይት ጎራሽ ናት። እጀታዋ ከመነካት ብዛት ጥግ ጥጉ ነጥቷል፤ እሱ ግን ከአባቱ የወረሳት በመሆኗ እንደ ልጅ ነበር የሚያቅፋት።

ሰይድ ወደዚህ ክርክር የገባው ምግብ ሊያቀርብ መጥቶ ነው። አስተማሪው ትንሿን ሽጉጥ ሲያቀባብል ድምፁን ሰምቶ፣ ሞላዋ ደክሟል አለ፤ የውስጥ ሽቦዋን ማለቱ ነው። ሰዎቹ ሳቁ። ፈተው ሲያዩት እውነቱን ነበር። የሰይድ አባት በአገራችን የታወቁ መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። እኛ በጭቃ በሬ ስንሠራ እሱ በዘይት በጨቀየ ጨርቅ የጠመንጃ ምላጭና ሽቦ ሲወለውል ነው ያደገው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ኸቢር» ሆነ፤ አዋቂው እንደ ማለት። ዓይኑን በሽማግ ይጋርዱና ሽጉጦቹን አንድ በአንድ እጁ ላይ ያኖሩለታል። እሱ በክብደቱና በእጀታው ብቻ የማን እንደሆነ ይናገራል። አንድ ጊዜም ሲሳሳት አላየሁትም።

ከሁሉ የማይረሳኝ አያያዙ ነው። ቢስሚላህ ይላል። ካዝናውን ያወጣል፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ጥይት አለመጉረሱን ያያል፣ ማየቱ አልበቃው ብሎ ትንሿን ጣቱን አስገብቶ ይዳስሳል። ሲመልስ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ያዞራል። ጣቱ ምላጭ ላይ አያርፍም፤ ሁልጊዜ ቀጥ ብላ ከጎን ትጋደማለች። የአባቱ ሕግ ነው። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ በሰው መሣሪያ ፎቶ አይነሡም።

እኔ ደግሞ የፈለግሁት እንዲያ መነሳቱን ነበር። በእኛ አገር ጎረምሳ ፎቶ ሲነሳ ክላሽም ሆነ ሽጉጥ ተውሶ ነው። ሠርግ ላይ አንድ ዝናር ሃያ ወገብ ይዞራል። እኔ ባሚያ ለቃሚ መሆኔን አገሬ እንዲያውቅ አልፈለግሁም፤ ቅናትም ነበረብኝ። ሰዎቹ ሰይድን ኸቢር ሲሉት እኔን «አንተ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ዓርብ ፀሐይ ልትወርድ ስትል ባባን ለመንኩትና እየሳቀ አሥራ ሦስት ጎራሿን ሰጠኝ። የእኔ ስልክ ካሜራ ስላልነበረው ሰይድ በራሱ ስልክ እንዲያነሳኝ ጠየቅሁት። ፊቴን እንደ የመን ተዋጊ ጠቀለልኩ። ሰይድ ሽጉጧ ባዶ መሆኗን አይቶ፣ ዳስሶ ሰጠኝና ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። ጥላው በማሳው ዳር ረዝሞ እግሬ ሥር ደረሰ።

«ጣትህን ከምላጩ አንሳ» አለኝ።

«ባዶ አይደለች?»

«ባዶም ብትሆን።»

አላነሳሁም። ምላጭ ላይ ያረፈ ጣት የወንድ ይመስለኝ ነበር። ራሱን ነቅንቆ አነሳኝ።

በዚያው ሳምንት ሁሴን የሚባል የአገራችን ልጅ ኑሮው መርሮት እጁን ለፖሊስ ሰጥቶ አገሩ ሊገባ ተነሳ። ሰይድ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ በብሉቱዝ ላከለት፤ ለየቤተሰቡ አሳትመህ ስጥልን አለው። የሰይድ የራሱ ፎቶ ግን በውስጡ አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ገብራ የሚሉት የአቧራ ነፋስ በሚነፍስበት አንድ ጠዋት፣ ዳቦና ፉል ልንገዛ ወደ ከተማው መንገድ ወጣን። አሥር እርምጃ ቀድሞ ያለ ሰው አይታይም። የፖሊስ መኪናዋን ያየናት አጠገባችን ስትቆም ነው። ኢቃማ ተጠየቅን፤ የለም። እስከዚህ ድረስ የታወቀ ነገር ነው፤ ተይዞ መመለስ በእያንዳንዳችን ላይ የሚመጣ ተራ ነበር። ከዚያ አንደኛው ፖሊስ የሰይድን ስልክ ይገላብጥ ጀመርና ድንገት ቆመ። ስልኩን ወደ ሰይድ ፊት አስጠጋው።

«ሃዛ ሚን?» አለ። ይሄ ማነው ማለቱ ነው።

ሰይድ ፎቶውን አየ። እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አና» አለ ሰይድ። እኔ ነኝ።

አንድ ቃል ናት። ያቺን ቃል መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ድንበር ላይ መሣሪያ ይዞ የተነሳ፣ ወረቀት የሌለው፣ ከየመን በኩል የገባ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር ያኔም ሁለታችን እናውቅ ነበር።

ተርሂል ወደሚባለው፣ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ወደሚጠብቅበት አዳራሽ አብረን ገባን። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የትግሬውም የኦሮሞውም የአማራውም ልጅ አንድ ምንጣፍ ተካፍሎ የሚተኛበት ነው። ነገ እኔ ነኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ አልኩት።

«ኸላስ ይማም፣ ተወው» አለኝ። «አሁን ብትናገር ሁለታችንም ነን የምንቀረው። ባባ መጥቶ ሽጉጧ የእኔ ናት፣ ለጨዋታ ነው ይላቸዋል። ያኔ እወጣለሁ።»

አመንኩት። ማመኑ ስለተስማማኝ ነው ያመንኩት። ባባ አልመጣም። ምን እንደፈራ አላውቅም፤ እኔ የፈራሁትን እያወቅሁ በሱ ላይ ለመፍረድ አፌ አይደፍርም።

አሥራ አንድ ቀን አብረን ቆየን። ጠዋት ጠዋት አንድ ወታደር የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ ይቆማል። ጠዋት ጠዋት እኔም የምናገረውን ዐረብኛ በልቤ አጠናለሁ፤ «ሃዛ አና»፣ ከሁለት ቃል አይበልጥም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሰይድ ስም ተጠራ። የወጣው አገሩ የሚመለሰው ሰው በሚወጣበት በር አልነበረም። የእኔ ነጠላ ጫማ ተበጥሶ ስለነበር የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። «እማን አብሽሪ፣ አይዞሽ በላት» አለኝና በባዶ እግሩ ሄደ።

እኔም ብድግ ብዬ ወታደሩ ጋ ደረስኩ። አፌን ከፈትኩ። ወታደሩ ዞር ብሎ በደግ ፊት ምን ፈለግህ አለኝ። ውሃ አልኩት። ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ።

አገሬ ስገባ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሰይድ እናት፣ ወደ እትዬ ዘሀራ ነው። ሁሴን ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ያ ፎቶ በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሰይድ ስልክ ስለመጣ ሁሴን ሰይድ መስሎት ነው የሰጣቸው። እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው ወደ ፎቶው ወሰዱኝ። «ይኸው ልጄ ወንድ ሆኖልኛል» አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አብሽሪ» ብሎዎታል አልኩና አብሬ አለቀስኩ።

አሥራ አራት ዓመት ሆነ። እኔ በተመለስኩ በሁለት ዓመቱ አንድ ተመላሽ ሰይድን እስር ቤት አይቼዋለሁ፣ ከስቷል አለን። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። በየበዓሉ ስኳርና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ፤ ከራሴ ፎቶ ሥር ቁጭ ብዬ ምግብ እበላለሁ። 

ቅዳሜ ዕለት የታደሰውን ፎቶ ወሰድኩላቸው። እትዬ ዘሀራ ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ። ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያ ከታች ብቻ አዩት። በጣታቸው ከጎረምሳው እግር ሥር ያለውን ንጹሕ መሬት ዳሰሱ።

«ጥላው የታለ?» አሉኝ።

ቆሽሾ ስለነበር ተጠርጎ ነው አልኳቸው። በሩ ጋ ካለው መደብ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጣቱን ምላጭ ላይ አሳርፎ የሚነሳ የእኔ ልጅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «አባቱ እንዴት እንዳሳደገው አውቃለሁ። አንተ መሆንህን ያወቅሁት ሁሴን ያመጣልኝ ቀን ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ እትዬ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ።» ፎቶውን ገለበጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ያነሳህ እሱ ነው። ከእግርህ ሥር የተኛው ልጄ ነው። እኔ የምሰቅለው እሱን ነው እንጂ፣ አንተንማ በየበዓሉ አይህ የለም?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። መንገዱን፣ አቧራውን፣ «አና» ያለውን፣ ጫማውን፣ በሩ ላይ አፌን ከፍቼ ውሃ መጠየቄን።  ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ውሃውን ጠጣኸው?»

«ጠጣሁት» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግነቱ አሮጌው ፎቶ ፖስታ ውስጥ ኪሴ ነበር። ተቀብለውኝ መስታወቱ ውስጥ መልሰው አስገቡት፤ ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ሰቀሉት፣ ላግዝዎት ስላቸው እንቢ አሉኝ። አዲሱን ደግሞ እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ይሄኛው ያንተ ነው፤ ውሰደው» አሉኝ።

አሁን እኔ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቀለሙ ደምቋል፣ ሽማጉ ቀልቷል፣ ጣቴ ምላጩ ላይ እንዳረፈ ነው። ፊት ለፊቴ ማንም የቆመ አይመስልም፤ ያን ዓርብ ብቻዬን የነበርኩ ያስመስለኛል። ማን አነሳህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ ስሙን እነግረዋለሁ።