ለአህያው የተረፈ መድኃኒት

በ1979 ዓ.ም.፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲቃረብ፣ የስድስት ዓመት ልጄ ጭኗ ላይ እባጭ ወጣባት። መንደራችን ከቆቦ ወጣ ብላ ነበር። ቆቦ ገበያ ላይ ከጨውና ከምላጭ ጋር መድኃኒት የሚቸረችር ሰው ነበር። ነጭ ጋዋን ስለለበሰ ብቻ ሐኪም ነው ብለን የምናምን ሞኞች ብዙ ነበርን።

«ኤሪትሮማይሲን ነው። ለሰውም ለከብትም ይሆናል። እባጩ ሲጎድል አቁሚው» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጎደለ። አልሐምዱሊላህ ብዬ የቀረውን እንክብል በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። የአህያችንን ጀርባ ጭነት ልጦት ስለነበር፣ እንክብሉን እየከፈትኩ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩ። በእኛ ዘንድ የተረፈ መድኃኒት አይጣልም፤ ወይ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ወይ ለከብት ይሆናል። ብልህነት መስሎን ነው።

በሳምንቱ እባጩ ተመለሰ። ከዚያው ሰው ያንኑ ገዛሁ። ልጄ አምስት ቀን ዋጠች፤ ምንም አልተሻላትም። እግሯ እስከ ብሽሽቷ አበጠ፤ ትኩሳቱ አስቀባጠራት። የምትሞትብኝ መሰለኝና አዝዬ ቆቦ ክሊኒክ ወሰድኳት።

«ለስንት ቀን ሰጠሻት?» አለኝ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር።

«መጀመሪያ እስኪጎድል።»

«የቀረውስ?»

«ለአህያው።»

«አህያው ዳነ?»

«አልዳነም።»

«ታዲያ እሱንስ ለምን አላመጣሽው?» ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሌላ ዓይነት መድኃኒት በመርፌ ወጋት። «እስከ ሰባት ቀን ታመላልሻታለሽ። የዳነች ቢመስልሽም ታመጫታለሽ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ላቦራቶሪ የተማረች የእህቴ ልጅ ነገሩን አስረዳችኝ። ባክቴሪያ ፕሮቲን የምትሠራበት ራይቦዞም የሚባል ነገር አላት፤ መድኃኒቱ እዚያ ገብቶ ሥራዋን ያስቆማል። አንዳንዶቹ ግን ራይቦዞማቸው የተሠራበትን አር ኤን ኤ የሚለውጥ፣ ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ አላቸው። መድኃኒቱ የሚያርፍበት ላይ ቅንጣት ነገር ይለጥፋል፤ መድኃኒቱ መቀመጫ ያጣል። ጥበባቸው ይኸው ነው። በግማሽ መድኃኒት ሌሎቹ ሲያልቁ እነዚህ ይቀራሉ። የልጄን እባጭ ማንም አልመረመረም፤ እኔ ግን አልጠራጠርም። ዓይን የሌለው ነገር ቤቱን ሲጠብቅ፣ ዓይን ያለን እኛ ጋዋን አይተን ገዛን።

ያኔ መርፌውን በተወጋች ማግሥት ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ቂጣ ስጪኝ አለችኝ። ሱጁድ ወርጄ አላህን አመሰገንኩ።

ጎረቤቴ በራፉ ላይ ቆማ «ድናለችኮ፤ ምን ያስኬድሻል? ማሽላሽን ወፍ ይጨርሰው?» አለችኝ።

ልጄን አዝዬ ለሁለተኛው መርፌ ወጣሁ።