ሁለቱም ጎማ መሬት የለቀቀ ዕለት

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም በየጾሙ መግቢያ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባቴ» እያልኩ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። አሁን ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ አንባቢዎች እናገራለሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ይህም ራሱ ፍርሃት ነው፤ እሱንም ከጥፋቴ ጋር ቁጠሩልኝ።

የሞላሌ ሰው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። ዳዊትን ከሰው አፍ በጆሮዬ ለቅሜ ከያዝኩ በኋላ፣ የማውቀውን ቃል ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን ነው ማንበብ የቻልኩት። በዚህ እኮራ ነበር። የዕድር ዳኛም ነበርኩ። ለቀብር የዘገየውን የምገሥጽ፣ የዋሸውን የማሳፍር እኔ ነበርኩ። ሰው ሲስቅ ባይ እንኳ «ምን ተገኘ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ልጄ ደረሰ ትምህርቱን ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ሙሉ ጎረምሳ ሆኗል። አንድ አሮጌ ብስክሌት ነበረው። የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውን አወለቀ፣ የኋላ መጫኛውን አወለቀ፣ ኮርቻውን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ ከቤታችን ጓሮ ካለው እርከን ላይ ቁልቁል መዝለል ጀመረ። እናቱ እታገኝ «ልጄን ልትቀብረው ነው እንዴ ዝም የምትለው?» እያለች መቀመጫ አሳጣችኝ።

ስለዚህ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቆሜ ገዘትኩ። «በዚህ ቤት የሚያድር ማንም ሰው የዚህን ብስክሌት ሁለቱንም ጎማ ባንድ ጊዜ ከመሬት ቢያስለቅቅ፣ ሚካኤል ይፍረድበት!» አልኩ። ልብ በሉ፤ «ደረሰ» አላልኩም። «ማንም ሰው» አልኩ። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው የምል ዳኛ ነኛ! በእኛ አገር ደግሞ ግዝት ቀልድ አይደለም። ድንበር የሚገፋ ሰው እንኳ ግዝት ሲሰማ እግሩን ይሰበስባል።

ደረሰም አከበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊት ጎማውን ብቻ እያነሳ በኋላ ጎማው ይሄድ ጀመር። ግዝቱ ይህን አይከለክልም። በገንኩ፤ ግን ቃሉ የራሴ ነውና ልቀጣው አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ደረሰ ለምሳ ሳይመጣ ቀረ። ዱላዬን ይዤ ዘነቡ ሻይ ቤት ሄድኩ፤ ያን ጊዜ ሞላሌ ላይ የቴሌቪዥን ሳህን የሰቀለች እሷ ብቻ ነበረች። ገብቼ ጆሮውን ልይዝ ስል ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቀ።

የዓለም ውድድር ነው አሉ። የሚያወራው ሰው በዓረብኛ ይጮኻል፤ የገባው የለም። ጎልማሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጺም ያወጡ፤ የልጅ በሚመስል ትንሽ ብስክሌት ከእንጨት በተሠራ ገደል ይወርዳሉ፣ በማዶው ይወጣሉ፣ ከዚያ ሰማይ ላይ ይቀራሉ። አንዱ ብስክሌቱን ከሥሩ እንደ እንዝርት አሾረው። አንዱ እጁን ለቀቀ፣ እግሩንም ለቀቀ፣ ከዚያ ዕቃው እንደጠፋበት ሰው ሁሉንም መልሶ ያዘ። አንዱ በጭንቅላቱ ተገልብጦ ዞረና እንደ ድመት አረፈ።

«ጋሽ ሞገስ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች ዘነቡ።

«ልቀመጥ አልመጣሁም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከጥግ አንድ የአይሱዙ ሾፌር «ጋሼ፣ እነዚህንም አይገዝቷቸውም?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አባት የላቸውም ይሆናል» አልኩ።

ከዚያ አንዱ ወደቀ። ክፉ አወዳደቅ ነው። ሊያሸንፉት የመጡት ተወዳዳሪዎቹ ሮጠው አነሱት፣ አቅፈው ጀርባውን መቱት፣ እሱም እያነከሰ ሳቀ። እኔ ዕድር ውስጥ ስንት ዓመት ስለ ፍቅር ስናገር እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አየሁ። ስወጣ ግን ሁሉም እንዲሰማ «የሰይጣን ሥራ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ለምን ጮኽኩ? ልቤን ስለሰረቁት ነው። ደረሰ ከኋላዬ ሮጦ መጣና «አባዬ፣ ዱላዎን ረስተዋል» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ቁርጠት ያዘኝ አልኩ። ቁርጠት አልያዘኝም። እታገኝና ደረሰ ቅዳሴ ሄዱ። እኔ ጋቢዬን አጥብቄ ታጥቄ ብስክሌቱን አወጣሁ። በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን ጉልበት ሥራ ላይ ሳለሁ መንዳት ለምጃለሁ። ከጓሯችን እርከን ሥር አውድማችን ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ገለባው እንደ ፍራሽ ተከምሯል። ሽማግሌ ሰው ገለባ ላይ ቢወድቅ ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሚካኤልን ግን አላሰብኩም።

ፔዳሉን ረገጥኩ። ፍሬን አልያዝኩም። እኔ፣ የዕድር ዳኛው፣ ግዝቱን ያወጣሁት እኔ፣ ከእርከኑ ዘለልኩ። ሁለቱም ጎማ መሬት ለቀቀ። ለአንዲት ቅጽበት የሚነካኝ ነገር አልነበረም፤ ጋቢዬ ከኋላዬ ተነፍቷል፣ ከታች ገለባው ቢጫ ነው። ሳቅኩ። ብቻዬን አየር ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ! ከዚያ የፊት ጎማው የአውድማውን ዳር ድንጋይ መታ፤ እኔ ገለባው ውስጥ እስከ ወገቤ ተቀበርኩ።

የፊት ጎማው ቸርኬ ተጣሞ ነበር። ብስክሌቱን ቦታው መለስኩና ተኛሁ።

ደረሰ ሲመለስ አየው። እታገኝ «አንተ ልጅ! ግዝቱን ጣስክ?» አለች። «እኔ አይደለሁም እማዬ» አለ። ያን ጊዜ እኔ ከአልጋዬ ላይ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ታዲያ ቸርኬ በራሱ ይጣመማል?» አልኩ። ይኸው ነው። እሱ አደረገ አላልኩም። ጠየቅኩ እንጂ። ውሸት የጥያቄ ልብስ ሲለብስ ውሸት መሆኑ ይቀራል? ይህን ሌላ ሰው ዕድር ፊት ቢለኝ ኖሮ አዋርደው ነበር።

በማግሥቱ የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰድነው። ከቤት ስንወጣ ደረሰ እጁን ሰደደና ከአንገቴ ሥር አንዲት የገብስ ገለባ አነሳ። ገለባዋን አያት። እኔንም አየኝ። ጣላትና መንገዱን ቀጠለ።

አባታችን ስግደት አዘዙት። ልጄ በእኔ ኃጢአት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሰገደ። እኔ አጠገቡ ዱላዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። መቆም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ «ግንባርህ መሬት ይንካ!» እያልኩ አርመው ነበር። እኔ! ያፌዝብኛል ብዬ ብጠብቅ፣ እሱ ግንባሩን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ይስቅ ነበር።

ብስክሌቱ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ደረሰ አስተማሪ ሆኖ ደብረ ብርሃን ይኖራል፤ ያንን ቀን አንድም ጊዜ አንስቶብኝ አያውቅም። በመዝለሌ ተጸጽቻለሁ ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ያ ሳቅ ዛሬም ደስ ይለኛል። የተጸጸትኩት ስለዚያች የቸርኬ ጥያቄ ነው። ሰበብ የለኝም። ሌላው ሲያጠፋ ሰበብ አልቀበልም ነበር፤ ለራሴም አልቀበልም።

ደረሰ ለኅዳር ሚካኤል ይመጣል። እናቱ ባለችበት ሁሉንም እናገራለሁ፤ ግዝቱንም አባታችን ይፈቱልኛል። ከዚያ እዚያው ደጅ ላይ እሰግዳለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይሁን። ደረሰ፣ ልጄ፣ ያን ቀን ዱላዬን ያዝልኝና አጠገቤ ቁም። ግንባሬ መሬት ካልነካ እንዳታልፈኝ።