ባጃጄ ላይ ያስጻፍኩት ስም

አንድ ነርስ ተመድቦ ቺሮ ሲመጣ አፋን ኦሮሞ አንድ ቃል አይችልም ነበር። እኛ ግቢ ክፍል ተከራየ። እናቴ «የሰው አገር ልጅ ነው» ብላ ከማዕዳችን ደባለቀችው። እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ ቋንቋውን አስተምረው ጀመር፦ በሽተኛን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» እንዴት እንደሚሉት፣ አሮጊቶች በምን ቃል እንደሚከበሩ። ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ አደርሰው ነበር።

እሱ «ሳከር» ይለኛል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የአራዳ እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። «ልበ ሙሉ፣ ለጓደኛው የሚሞት ማለት ነው።»

ደስ አለኝ። አብረን ሂርና ሄደን አንድ ሰዓሊ ዘንድ የባጃጄ ጀርባ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል በቀይ አስጻፍኩት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ የነገረው እሱ ነው። ሲያልቅ ፎቶ አነሳኝ።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህርት አሳፍሬ ነበር። ወርዳ ከኋላ ስታልፍ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ይሄን ማን ጻፈልህ?»

«ጓደኛዬ ያወጣልኝ ስም ነው» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

መናገር ከበዳት። «በቀላሉ የሚታለል ሰው ማለት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «መጥባት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጡት ያልጣለ ሕፃን፣ ያጎረሱትን ሁሉ የሚውጥ እንደማለት።» ልታጽናናኝ መሰለኝ፣ «የሚወደው ነገር ሲመጣ እምቢ ማለት የማይሆንለትንም ሰው እንደዚያ ይሉታል። ሁልጊዜ ስድብ አይደለም» ብላ ጨመረች።

በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከባልደረቦቹ ጋር ወጣ። አንዷ ባጃጁን ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ያውቃሉ። በየጠዋቱ ሲስቁልኝ እኔ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ!» አለኝ።

«አንዲት ቃል አጣምሜ አስተምሬህ አውቃለሁ?» አልኩት። «'እንዴት አደሩ ማለት ነው' ብዬ ስድብ ባስይዝህ፣ አምነኸኝ ለአሮጊቶቹ ትል አልነበረም?»

አቀረቀረ። ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም።

ጽሑፉን በዚያው ቀን በቤንዚን ፈትጌ አነሳሁት። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም፤ እንደ ልጇ ነበር የምታየው። በኋላ ወደ ገለምሶ ሲዛወር ስንቅ ቋጥራ «አላህ መንገድህን ያቅናው» ብላ፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች ሸኘችው። እኔ ፍራሹን ሚኒባሱ ላይ ጫንኩለት። እንደጨረስኩ ባጃጄ ውስጥ ገባሁ።

አሁንም በበዓል በበዓል ይደውልላታል። አውርታ ስትጨርስ ስልኩን ወደ እኔ ትዘረጋለች።

«ሥራ ላይ ነው በይው» እላታለሁ፣ ከፊቷ ተቀምጬ።