በወልቂጤ በኩል የመጣው ግማሽ ፊደል

ባለፈው ክረምት የእናቴን ሣጥን ሳስተካክል ከልብሶቿ ሥር አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ጥጉ ላይ ወዝ አለበት። ከታች የኃላፊው ስም ጥርት ብሎ ተጽፏል፣ ፊርማ ግን የለውም። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከሃያ ዓመት በኋላም ይሸታል ብላችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ፤ እኔን ግን ኮሰረት ኮሰረት ሸተተኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ እናቴ ዘይነባ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ጥግ እያለፍኩ የታይፑን ድምፅ አዳምጥ ነበር። ሳይቆራረጥ የሚወርድ ከሆነ እናቴ ናት፤ ቆም ቆም የሚል ከሆነ እሷ ሻይ ወጥታለች፣ ሌላ ሰው እየነካካው ነው። ባለጉዳዮች "የዘይነባ እጅ ይንካው" ይሉ ነበር። እሷም ትኮራለች። ትኩራ፣ ምን አለበት!

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ከአንድ እርዳታ ድርጅት የተረፈ አሮጌ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደ፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ለብቻው ክፍል ተሰጠው፣ ዳንቴል ለበሰ፣ ጫማ ሳያወልቁ ወደ እሱ መግባት ክልክል ሆነ። ዘበኛው ጋሽ ወልዴ ደግሞ ቫይረስ የሚባል ነገር እንደሚይዘው ስለሰሙ ጉንፋን ያለበትን ሰው ከበር ይመልሱ ነበር። ይህ ሁሉ ክብር የተሰጠው እንግዳ ታዲያ አማርኛ አይችልም። ውስጡ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር።

ኃላፊው አቶ ጌታነህ ከጎንደር የመጡ፣ ክፋት የሌለባቸው፣ ደንብ ግን አጥብቀው የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ሰኞ ጠዋት እናቴን አስጠሯት።

"ወይዘሮ ዘይነባ፣ ከእንግዲህ በታይፕ የተመታ ሪፖርት አንቀበልም ተብለናል። ይህ ማሽን እስከ ዓርብ አማርኛ ካልጻፈ ኮምፒውተር የተማረ ጸሐፊ እጠይቃለሁ። እርስዎ ወደ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። ደመወዝዎ አይነካም፣ አይስጉ።"

ይህን ብለው በእጃቸው የጻፉትን የደብዳቤ ረቂቅ ሰጧት። ዓርብ እንድትመታው ነው። የራሷን መዛወሪያ ራሷ ልትመታ ማለት ነው፤ ሌላ ታይፒስት ከየት ይምጣ?

እቤት መጥታ ምሳዋን እንኳ አልቀመሰችም። "አካፋና ባልዲ ልቆጥር ነው ጣቶቼን ያሠለጠንኩት?" አለችኝ። እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ ነበርኩ፤ ለሦስት አንድ ማሽን እየተጋፋን ፊደል እንዴት እንደሚጫን ተምሬያለሁ። "እማ፣ አማርኛውን በዲስኬት የሚልክልን ሰው ብቻ ፈልጊ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው" አልኳት። አፌ ሞላ እንጂ ልቤ ይፈራ ነበር። እሷም መርካቶ ብርድ ልብስ ለሚነግደው ወንድሟ ለሸምሱ ደወለች። "አብሽሪ እህቴ፣ ነገ በአውቶቡስ ይደርስሻል" አላት። የእንግሊዝኛውን ኪቦርድ ካርቶን ላይ ሣልኩላትና፣ በየትኛው ቁልፍ የትኛው ፊደል እንደሚመጣ ከክበቡ ደብተሬ ገለበጥኩላት። በዚያ ምሽት ካርቶኑን ስትደበድብ አደረች ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ ዲስኬቱ መጣ። ጫማዬን አውልቄ፣ የተቀደደ ካልሲዬን እየደበቅሁ ገባሁና ጫንኩት። እናቴ ተቀመጠች፤ "ሀ" ብላ ጻፈች። ወጣ! ቢሮው ሁሉ አጨበጨበ። ቀጥላ ስሟን ጻፈች። "ዘ" መሆን ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ሣጥን ተደቀነ። "ይ"ም ሣጥን። "ነባ" ብቻ ደህና ወጣ። ቡታጅራ ብትል "ጅ" የለችም፤ ወልቂጤ ብትል ሁለት ጥርሷ የወለቀ ወልቂጤ ወጣች። ጭብጨባው ቀዘቀዘ።

"አርጅቷል ማሽኑ" አሉ አቶ ጌታነህ።

አጥፍተን አበራነው። ፊደሉን ሰርዤ እንደገና ጫንኩት። አንዱ ገመዱን ነቅላችሁ ስኩት አለ፤ ሌላው ሙቀት ነው፣ መስኮት ክፈቱለት አለ። ጋሽ ወልዴ ማን ጉንፋን ይዞ እንደገባ ማጣራት ጀመሩ። ምንም ለውጥ የለም። ረቡዕ ከሰዓት እናቴ የታይፑን አቧራ ስትወለውል አየኋት።

እቤት ሮጬ የታናሽ ወንድሜን የሀሁ ገበታ ከግድግዳ ነቅዬ መጣሁ። እሷ አንድ በአንድ ትጽፋለች፣ እኔ የወጣውን በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከሀ እስከ ኸ ያለው ከነቤተሰቡ አንድም ሳይጎድል ወጣ። ከወ ጀምሮ እስከ ፐ ግን አንድም የለም። ገበታውን በቢላ ለሁለት የቆረጡት ይመስል ነበር።

እናቴ ገበታውን አየችው። "ይሄ ጎደለ እንጂ አልተበላሸም" አለች። "ብልሽት እንዲህ መስመር ጠብቆ አይሄድም።"

ዲስኬቱን አውጥቼ አገላበጥኩት። ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ "1" ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ከሌለ አንድ ማን ይጽፋል? እጇን ይዤ ወደ ቴሌ እየጎተትኩ ወሰድኳትና መርካቶ ደወልን።

"ሁለተኛውማ ወልቂጤ ነው!" አለ አጎቴ ሸምሱ። "ነጋዴ ዕቃውን በአንድ መኪና ይጭናል እንዴ? አንዱ ቢገለበጥ አንዱ ይትረፍ ብዬ ያኛውን ለእህታችን ለራህመት ላኩላት። መጠባበቂያ ነው።"

ፊደል ብዙ ስለሆነ ለሁለት ተከፍሎ እንደተቀዳ የነገረው የለም። እሱ ሁለቱን ዲስኬት እንደ ሁለት እስር ብርድ ልብስ ነበር ያያቸው። እናቴ መጀመሪያ ጮኸችበት፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፣ የቴሌዋ ሠራተኛ ቀና ብላ እስክታየን ድረስ ሳቀች።

ያን ጊዜ ከወልቂጤ ቡታጅራ በቀጥታ የሚያመጣ መኪና አላገኘንም። ግማሹ ፊደላችን ሐሙስ ጠዋት ከወልቂጤ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ አጎቴ ተቀብሎ ወዲያው በቡታጅራ አውቶቡስ ላይ አሳፈረው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ቆመን ጠበቅን። ረዳቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጣሳ አቀበለን።

"ዲስኬቱስ?" አለችው እናቴ።

"የተሰጠኝ ይሄው ነው።"

ፈታነው። አክስቴ ራህመት ለእህቷ ባዶ ነገር መላክ ነውር ሆኖባት በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ሞልታ፣ ዲስኬቱ እንዳይታጠፍ ብላ ጣሳው አናት ላይ ከኮባው ሥር ወትፋዋለች። መንገዱ ረጅም፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ፊደላችን በቅቤ ታሽቶ ደረሰ። እናቴ "ያ አላህ!" ብላ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ቀስ እያለች፣ ሕፃን የምታጥብ ይመስል ጠረገችው።

ዓርብ ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ቤት ፎረፍኩ። እናቴ አሁንም የወዛውን ዲስኬት በጣቷ ጠራርጋ ቢስሚላህ አለች፣ እኔ አስገባሁት። ማሽኑ አጓራ። ቆመ። እንደገና አጓራ። ክፍሉን የቅቤ ሽታ ሞላው።

"ምንድን ነው፣ ቅቤ ሊያነጥር ነው እንዴ?" አሉ ጋሽ ወልዴ ከበሩ።

ማንም አልሳቀም። ማሽኑ ጸጥ ሲል ሁለተኛውን ፊደል ጫንኩና ለእናቴ ወንበሩን ለቀቅሁላት። ስሟን ጻፈች። ዘይነባ። አንድም ሣጥን የለበትም! የጽዳት ሠራተኛዋ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጋሽ ወልዴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ዘው ብለው ገቡ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

እናቴ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። መሳቢያዋን ከፍታ የአቶ ጌታነህን ረቂቅ አወጣች። "እማ፣ ይሄን እንኳ ተዪው" ብዬ ለመንኳት። "ታዝዣለሁ" አለችና መምታት ጀመረች። ካርቶን ላይ የለመዱት ጣቶች ሳይቆራረጡ ወረዱ። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ተፋው። ስታነሣው ጥጉን በቅቤያም ጣቷ ነካችው።

አቶ ጌታነህ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አንድም ስሕተት የለበትም።

"ይህን ማን መታው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በኮምፒውተሩ። ዓርብ ብለውኝ አልነበር?"

እስክሪብቷቸውን አነሡ። ኮምፒውተር የተማረ ጸሐፊ ይመደብልን የሚለውን መስመር ደግመው አዩት፤ እናቴን አዩዋት፤ እስክሪብቶውን ከደኑት። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ነበር።

"ይህን መልሰው ይውሰዱት። ሪፖርቱን ይጀምሩ፣ ወይዘሮ ዘይነባ።"

ዛሬ ስልኬ አማርኛን ከነሙሉ ቤተሰቡ ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። ፊደል በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር ስላት ልጄ የማወራላት ተረት ይመስላታል። እሷ ራሷ ለአያቷ በእንግሊዝኛ ፊደል "ሰላም" ብላ ስትልክ፣ በአማርኛው ፊደል ደግማ እስክትጽፍላት ድረስ እናቴ መልስ አትሰጣትም። "ስንት አገር ዞሮ የመጣ ፊደል ነው" ትላለች።

እናቴ በዚያው ወንበር ላይ እስከ ጡረታዋ ሠራች። ስትሸኝ ፊርማና ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት በመስተዋት ተሰጣት። የት እንዳደረገችው ብጠይቃት አታስታውስም። ፊርማ የሌለውን ግን ከልብሷ ሥር አጣጥፋ ይዛዋለች።